ስለ ማጠጣትና ስለ መከልከል

በከተማ የሚኖር ሰው ጓሮው እየጠበበ በሄደ ቍጥር አትክልቱን ወደ መስኮቱ አምጥቶታል። በመስኮት ላይ ከሚኖሩት አትክልቶችም መካከል ቅጠላቸው ወፍራም የሆነ፥ ውኃን በቅጠላቸውና በግንዳቸው ውስጥ የሚያከማቹ፥ ፈረንጆች ሳኩለንት ብለው የሚጠሯቸው ትናንሾች አሉ። ወገናቸው ብዙ ነው። አንዳንዶቹ ከደቡብ አፍሪካ ደረቅ ምድር፥ አንዳንዶቹ ከሜክሲኮ ተራራ፥ አንዳንዶቹም ከማዳጋስካር ደሴት የመጡ ናቸው። የኛም ሀገር በዚህ በኩል ድሀ አይደለችም። እሬት በኢትዮጵያና በኤርትራ ምድር ከ40 የሚበልጥ ዓይነት አለው፤ በደብረ ብርሃን ስም የተሰየመም ይገኝበታል። በደጋው ሰው ዘንድ በመድኃኒትነቱ የታወቀው እንዳሁላም ከዚሁ ወገን ነው።

እነዚህን አትክልቶች ያሳደገ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ ይኸውም በየቀኑ የሚያጠጣቸው ሰው ሲገድላቸው የሚረሳቸው ሰው ያለመልማቸዋል። ሁለት ቤቶችን እናስብ። በአንደኛው ቤት ያለችው እመቤት ማልዳ ተነሥታ፥ ዳዊቷን ደግማ፥ ወደ መስኮቷ ሄዳ ለእያንዳንዱ ማሰሮ በጽዋ ውኃ ታፈስሳለች፤ አቧራውን ትጠርጋለች፥ ታነጋግራቸዋለች። በሁለተኛው ቤት ያለው ሰው ማሰሮውን ከአንድ ወዳጁ በስጦታ ተቀብሎ በመስኮቱ ላይ ካኖረ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ መለስ ብሎ አላየውም፤ በወር አንድ ጊዜ ከመጠጫው የተረፈውን ውኃ የሚጥልበት ቢያጣ ይደፋበታል። መንፈቅ ሲሞላ የእመቤቲቱ አትክልት በስብሶ ይጣላል፤ የሰውየው ግን ወፍሮና አብቦ ይታያል። እንግዲህ ከሁለቱ ሊመሰገን የሚገባው ማን ነው?

ነገሩ የሸክላና የቅጠል ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ገጽ ስፍራ ባልያዘ ነበር። ነገር ግን ልጅ የሚያሳድግ አባት፥ ደቀ መዝሙር የሚያስተምር መምህር፥ የንስሓ ልጆች ያሉት ካህን፥ ምጽዋት የሚሰጥ ባለጸጋ፥ ሁሉም ይኸው ጥያቄ ያገኛቸዋል። መልካም ልብ ጥፋትን ካፈራ፥ ደንታ የሌለውም ልብ ልምላሜን ካፈራ፥ ፍርዳችን በልቡ ነውን ወይስ በፍሬው?

ከመፍረዳችን በፊት የአትክልቱን ጠባይ ማወቅ ይገባናል። ብዙው አትክልት ቀን በፀሐይ ጊዜ ቅጠሉ የሚተነፍስባቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይከፍታል። የበረሃ አትክልት ግን ቀን ቢከፍት ውኃው ተንኖ ስለሚያልቅበት ቀን ዘግቶ ሌሊት ይከፍታል፤ ሌሊት የሳበውንም አየር ወደ ኮምጣጣነት ለውጦ እስኪነጋ ያኖረዋል፥ ብርሃንም ሲወጣ ይመገበዋል። በህንድ ሀገር ይኖር የነበረ ቤንጃሚን ሄይን የሚባል ሰው የእንዳሁላ ዘመድ የሆነውን የብሪዮፊለምን ቅጠል በማለዳ ቢቀምሰው ኮምጣጣ፥ በቀትር ቢቀምሰው ጣዕም የሌለው፥ ወደ ማታም መረር ያለ ሆኖ አገኘው። ይህን የገለጸበትም ጽሑፍ በ1815 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ታተመ። ምክንያቱን ሊቃውንት ፈልገው ያገኙት ከእርሱ ዘመን በኋላ ነው። የዚህ አትክልት ሥራ እንደ ባሕታዊ ጸሎት በሌሊት የሚፈጸም ስለ ሆነ፥ ቀን የሚያየው ሰው ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ይመስለዋል፤ ልርዳው የሚል አሳብ የሚያድርበትም ከዚህ የተነሣ ነው።

ሥሩም እንዲሁ ነው። ሥር ውኃ ብቻ ሳይሆን አየርም ይፈልጋል። በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ባዶ ስፍራ ሁልጊዜ በውኃ ሲሞላ ሥሩ ይታፈናል፤ የታፈነው ይሞታል፤ የሞተውንም ሻጋታ ይበላዋል። መበስበሱ የሚጀምረው ከታች ነውና ላይ ያለው ቅጠል ለጊዜው ደኅና መስሎ ይቈያል። ከዚህም ሁሉ የሚያሳዝነው ሌላው ነው፤ ሥሩ የበሰበሰ አትክልት በውኃ መካከል ቆሞ ሳለ መጠጣት ስለማይችል ቅጠሉ እንደ ተጠማ አትክልት ይጨማደዳል። ያጠጣችውም እመቤት ጭምድዱን አይታ «ወይኔ ተጠምቶብኛል» ትልና ውኃ ትጨምርበታለች። በአዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ ሲገባ፥ ፀሐይ ጠፍቶ አየሩ ሲቀዘቅዝ፥ በበጋ ፈጥኖ ይደርቅ የነበረው አፈር ብዙ ቀን እርጥብ ሆኖ ስለሚሰነብት አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰው በዚያን ጊዜ ነው። በበጋ የተለመደው ጽዋ በክረምትም ሳይጐድል ይፈስሳልና።

አሁን ቸልተኛውን አስቀድመን እንመርምር። እርሱ አትክልቱን አላዳነውም፤ አትክልቱ ከእርሱ ዳነ እንጂ። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ አንዱ ተካይ ሌላው አጠጪ እንደ ሆነ፥ የሚያሳድግ ግን እግዚአብሔር እንደ ሆነ ነግሯቸዋል። ይህ ሰው ግን ሳይተክልም ሳያጠጣም በማሳደጉ ሊመሰገን ይወድዳል። ከእሬቱ አጠገብ በሶብላ ተክሎ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቸልታ በጥቂት ቀን ባደረቀው ነበር። ቸልታው አንድ ሆኖ ሳለ የአትክልቶቹ ጠባይ ሁለት ስለ ሆነ አንዱ ሞተ፥ አንዱ ለመለመ። ስለዚህ የአንዱን ልምላሜ ለእርሱ ከቈጠርንለት የሌላውንም ሞት ልንቈጥርበት ይገባል። ልጁን ረስቶ የኖረ አባት፥ ልጁ በራሱ ብርታትና በጎረቤት እንጀራ ሰው ከሆነ በኋላ፥ «እኔ እኮ በነፃነት አሳደግሁት» ብሎ በማኅበር መካከል ሲናገር ብዙ ጊዜ ተሰምቷል። ይህ ሰው ባለ እሬቱ ነው።

የእመቤቲቱ ነገር ግን ይከብዳል። ፍቅሯ ሐሰት ነው ለማለት የሚደፍር የለም። ነገር ግን ፍቅሯ ወዴት ይመለከት እንደ ነበረ መጠየቅ ይገባል። ነቢዩ ዮናስ ቅሉ በደረቀበት ጊዜ እስከ ሞት ድረስ አዘነ፤ እግዚአብሔርም ላልደከመበትና ላላሳደገው ቅል ማዘኑን ጠቅሶ ስለ ነነዌ ሰዎች ወቀሰው። ዮናስ ያዘነው ለቅሉ ነው ወይስ ለጥላው? እንዲሁም ማልዳ የምታጠጣ እጅ ለአትክልቱ ጥም ነው የምታጠጣው ወይስ ለራሷ ልማድ? መስጠት የለመደ ሰው ሳይሰጥ መዋል ይጨንቀዋል፤ ጭንቀቱንም ለማራገፍ ይሰጣል። ያን ጊዜ ስጦታው የተቀባዩ መሆኑ ቀርቶ የሰጪው መድኃኒት ይሆናል። ማርም ሲበዛ ይመራል ይባላል፤ ነገር ግን ማሩ የመረረው ለማን እንደ ሆነ ቀማሹ እንጂ አቅራቢው አያውቀውም።

ይህን ሁሉ ብዬም እመቤቲቱን ከቸልተኛው በታች አላደርጋትም። እርስዋ በየቀኑ ወደ አትክልቱ ትሄዳለች፤ በየቀኑ የሚሄድ ሰው አንድ ቀን ማየት ሊጀምር ይችላል። የማይሄድ ግን ምንም አያይም። ጐደላት የምለው ፍቅር ሳይሆን ጥያቄ ነው፤ ጣቷን በአፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገብታ «ዛሬ ደርቋልን?» ብላ አልጠየቀችም።

ቸልታንና መከልከልን የሚለየው ፈተና የሚገኘው አትክልቱ በሚራባበት ጊዜ ነው። ከሜክሲኮ የመጣውን፥ ቅጠሉ እንደ ጽጌረዳ ተደራርቦ የሚታየውን ኤኬቬሪያን የሚያራባ ሰው ከታች በኩል ጤነኛ ቅጠል ይመርጣል፤ ከግንዱ ጋር የተያያዘበትን ስፍራ ይዞ ወደ ጎን በቀስታ ጠምዘዝ አድርጎ ሙሉውን ያላቅቀዋል። መሠረቱ በግንዱ ላይ ከቀረ ከዚያ ቅጠል ልጅ አይወለድም። ከዚህ በኋላ በጥላ ስፍራ በወረቀት ላይ አኑሮ ሦስት ቀን፥ አራት ቀን፥ አንዳንዴም ሳምንት ሙሉ ይተወዋል። ቍስሉ ደርቆ ስስ ቆዳ እስኪያበጅ ድረስ አፈርም ውኃም አይነካውም። ባልደረቀ ቍስል ላይ ውኃ ቢያገኝ ይበሰብሳል። ቆዳውን ካበጀ በኋላ አሸዋ በበዛበት አፈር ላይ ሳይቀብረው ያጋድመዋል። ብዙ ቀን፥ አንዳንዴም ከወር በላይ፥ ምንም ነገር አይታይም። ከዚያ በኋላ ከቍስሉ አጠገብ እንደ ክር የቀጠኑ፥ ቀላ ያሉ ሥሮች ይወጣሉ፤ በመካከላቸውም ከስንዴ ቅንጣት የማይበልጥ አረንጓዴ ጽጌ ይታያል።

አሁን እናትየዋን ቅጠል መመልከት ነው። ታናሹ ሲያድግ እርስዋ ትሳሳለች፥ ትጨማደዳለች። በውስጧ ያከማቸችው ውኃና ምግብ ሁሉ ወደ ልጅዋ ያልፋል። ብዙ ሰው መልኳ አስጠልቶት ነቅሎ ይጥላታል፤ ታናሹም ገና ሥሩ ሳይጠና ይቀራል። ጥንቁቁ ሰው ግን እንደ ወረቀት ደርቃ በራሷ እስክትወድቅ ድረስ አይነካትም። ሥሮቹ ከታዩ በኋላ ውኃው በመጠን ያስፈልጋል፤ ክር የመሰለ ሥር ሁለት ሳምንት በደረቅ አፈር ላይ ቢቈይ ይሞታልና። እነሆ፥ ቸልተኛው የሚወድቀው በዚህ ነው። የቍስሉን መድረቅ ሳያውቅ ፈጽሞታል፤ የሥሩን መውጣት ግን ስላላየ ታናሹን በጥም ይገድለዋል። እስከ ትናንት የተከለከለውና የተረሳው ቅጠል አንድ ይመስሉ ነበር፤ በሁለቱም ማሰሮ ውስጥ ያለው አፈር ደረቅ ነበርና። የሚለያቸው ያ ውኃ የሚያስፈልግበት ቀን ሲመጣ ነው። የከለከለው ጽዋውን ይዞ በዚያ ይገኛል፤ የረሳው አይገኝም።

ደግሞ ጠባያቸው አንድ አይደለም። እሬት በቅጠሉ አይራባም፤ ቅጠሉን ቢተክሉት ይበሰብሳል፥ ከእናቱ እግር ሥር የሚበቅለውን ግልገል ከነሥሩ ለይቶ መትከል ያስፈልጋል። ብሪዮፊለም ደግሞ ማንም ሳይነካው በቅጠሉ ዳር ልጆቹን ይደረድራል። የጀርመኑ ባለቅኔ ጎተ ይህን አትክልት እጅግ ይወድድ ስለ ነበረ ታናናሾቹን ለወዳጆቹ ያድል ነበር። ሌላም አለ። ዊልያም በርቸል የሚባል መንገደኛ በ1811 በደቡብ አፍሪካ ምድር ጠጠር መስሎት ያነሣው ነገር አትክልት ሆኖ አገኘው። ሊቶፕስ የሚባለው የዚህ ወገን ሁለት ቅጠል ብቻ አለው። በውስጡ አዲስ ጥንድ ሲፈጠር አሮጌውን ጥንድ መጥምጦ ጨርሶ ይተካዋል። በዚያን ጊዜ የሚያጠጣው ሰው አሮጌው እንዳይደርቅ ያደርጋል፤ አዲሱም በሽማግሌዎቹ መካከል ታንቆ ይቀራል። ሥልጣኑን ለልጁ ለማስረከብ የሚያመነታ የቤተ ሰብ አለቃ ይህን አትክልት በጠረጴዛው ላይ ቢያኖር ይጠቅመዋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስፈራ ነገር አለና ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። «መከልከልም ፍቅር ነው» የሚለው ቃል በንፉግ እጅ ሲገባ መርዝ ይሆናል። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለተቀመጠ ድሀ ሳንቲም መስጠት ስንፍና ያስተምረዋል የሚል ባለጸጋ፥ ደመወዝ ቢጨመርለት ይባልጋል ብሎ የሠራተኛውን ዋጋ የሚይዝ ጌታ፥ ማመስገን ያኰራዋል ብሎ ለደቀ መዝሙሩ አንድ መልካም ቃል የማይወጣው መምህር፥ ሁሉም የእሬቱን ምሳሌ ደስ ብሏቸው ይቀበሉታል። ለእነርሱ የምመልሰው አጭር ነው። እሬት ውኃ ሲከለከል የሚታገሠው በቅጠሉ ውስጥ ውኃ ስላለው ነው። ድሀው ግን በየትኛው ቅጠሉ ውስጥ አኑሮ ይታገሥ? መከልከል የሚገባው ያከማቸ ላለው ብቻ ነው፤ ምንም ለሌለው የሚደረግ መከልከል በሶብላን በፀሐይ እንደ ማድረቅ ነው። ከልካዩም ራሱ በቀትር ጠግቦ በልቶ ስለ ሌላው መታገሥ የሚናገር ከሆነ ንግግሩን ባንሰማው ይሻላል።

ስለዚህ የከልካይነት መብት ያለው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፥ የተከለከለውን በየጊዜው ሄዶ የሚያይ ነው ብዬ እመልሳለሁ። ቅጠሉን በጣቱ ዳስሶ ጠንካራ እንደ ሆነ የሚያውቅ፥ ሲለሰልስና ሲጨማደድ ደግሞ የጥም ነው ወይስ የመበስበስ ነው ብሎ ማሰሮውን አንሥቶ የሚመዝን፥ ጥም እንደ ሆነ ሲረዳም በጽዋ ሳይሆን ከታች ባለው ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ አጥግቦ የሚያጠጣ ሰው መከልከል ይችላል። ይህን የማያደርግ ሰው ጠቢብ ነኝ ቢልም ረሺ ነው። ዮሐንስ ካስያን በግብፅ በረሃ ከአበው የሰማውን ሲጽፍ እንደ ተረከው፥ ሽማግሌዎች በአባ እንጦንስ ዘንድ ተሰብስበው መነኩሴን ከመውደቅ የሚጠብቀው የትኛው ትሩፋት እንደ ሆነ ተነጋገሩ። አንዱ ጾምና ትጋሃ ሌሊት፥ አንዱ ንብረትን መተው፥ አንዱ ብሕትውና፥ አንዱም እንግዳ መቀበል አለ። አባ እንጦንስ ግን ይህን ሁሉ ይዘው የወደቁ ብዙዎችን አይቷልና፥ ያጡት ልብ ብሎ መለየትን እንደ ሆነ ነገራቸው። መጽሐፈ መነኮሳትን ለሚያነብ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

መከልከል ለራስ ፈቃድም ይሆናል፤ በዚህ ዘመን ስለ እነዚህ አትክልቶች የተሠራው ክፉ ሥራ የመጣው ራሱን የሚከለክል ሰው በመጥፋቱ ነው። በ2018 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በካሊፎርኒያ ባሕር ዳር ገደል ላይ የሚበቅለውን ደድሌያ በሺህ እየነቀሉ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ሊልኩ የነበሩ ሰዎች ተይዘዋል፤ የዚያም ሀገር መንግሥት በ2021 ይህን ስርቆት የሚከለክል ሕግ አወጣ። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ኮኖፊተም የሚባሉትን፥ ብዙዎቹ ከአውራ ጣት ጫፍ የማይበልጡትን አትክልቶች ሌቦች ከዐለት ላይ ይፍቋቸዋል። ከ2019 እስከ 2024 በዚያ የተያዘው ልዩ ልዩ የሳኩለንት አትክልት ከ1 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። ገዢዎቻቸውም ጨካኞች የሚባሉ ሰዎች አይደሉም፤ አትክልት እንወድዳለን የሚሉ፥ በመስኮታቸው አኑረው የሚያደንቁ ናቸው። በዘር ቢራባ ብዙ ዓመት የሚፈጅ ስለ ሆነ መጠበቁ አስቸገራቸው። የእመቤቲቱ ፍቅር አንድ ማሰሮ አጠፋ፤ የእነዚህ ፍቅር ግን ኰረብታን ይመለጥጣል። የኛም እሬቶች አንዳንዶቹ ከጥቂት ስፍራ በቀር በዓለም የማይገኙ ስለ ሆኑ ነገሩ በሩቅ ሀገር ነው ብለን ልንተኛ አይገባንም።

አንድ ነገር ቀርቶናል። አትክልቷ የበሰበሰባት እመቤት ውኃው እንደ ገደለው አላወቀችም፤ እጄ ለአትክልት አይሆንም ብላ ታዝናለች፥ ወይም ዓይን ወጋው ትላለች። እውነቱ ሊነገራት ይገባልን? ፍቅርሽ ገደለው ማለት ለአንድ ማሰሮ ሲሉ ልብ መስበር ነው የሚሉ አሉ። ይህ ጥያቄ ለንስሓ አባቶች የታወቀ ነው፤ ልጅዋን በማቀማጠል ያበላሸች እናት ስታለቅስ ባጠገቧ የተቀመጠ ካህን ሁሉ አግኝቶታል። ለእኔ እንደሚመስለኝ ሊነገራት ይገባል፤ ካልተነገራት የሚቀጥለውንም በዚያው መንገድ ታጠፋዋለችና። ነገር ግን የሚነግራት ሰው ባዶ እጁን አይሂድ። ከራሱ መስኮት አንድ ቅጠል ለይቶ፥ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞላት ይሂድ፤ ማሰሮውንም ከመክፈቷ በፊት ቍስሉ እስኪደርቅ ሳምንት ያህል ከወረቀቱ እንዳታወጣው ይንገራት፤ በስምንተኛውም ቀን ተመልሶ ይይላት።